ስምንተኛው የሻኛ ዕጣ

አንድ ሰው «እስካሁን አልደረሰኝም፤ እንግዲህ ዛሬ የኔ ነው» ብሎ ሲፎክር የሰሙ ሽማግሎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ሁሉም ይላታል፤ በማን እንደተጀመረች ግን የሚጠይቅ የለም። ነገሩ የመጣው በመኳንንት ነው፤ በመኳንንትና በአንዲት ባቄላ።

መኳንንት ጎበዝ ገበሬ፣ ደግ ባል፣ ግን አማቱ ያኮረፉበት ሰው ነበር። በሰርጉ ዕለት አሳላፊዎቹ ተዘናግተው ለሚስቱ ለየሺመቤት አባት፣ ለባላምባራስ ድንበሩ፣ ሥጋ የሌለው አጥንት አቀረቡላቸው። ባላምባራስ አጥንቱን አገላብጠው አዩት፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ በማግስቱም «በገዛ እጁ ሻኛ ቆርጦ እስኪያጎርሰኝ ድረስ ደጁን አልረግጥም» ብለው ላኩ። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላ። የልጅ ልጃቸው ድክ ድክ ማለት ስትጀምር እንኳ አላዩአትም። የሺመቤት በዓል በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች፤ መኳንንትን ደግሞ ከአማቱ ኩርፊያ ይልቅ የሚስቱ እንባ ነበር አንጀቱን የሚበላው።

ታዲያ ሻኛ ከየት ይመጣል? በመንደሩ ስምንት አባወራዎች በየበዓሉ በሬ ገዝተው ቅርጫ ይገባሉ። ሌላው ሥጋ በስምንት መደብ እኩል ይከፋፈላል፤ ሻኛው ግን «ለስምንት ቢቆራርጡት ለማንም አይደርስ» ተብሎ ሙሉውን ዕጣ ለወጣለት ሰው ይሰጣል። ሁሉም ምልክቱን ቅል ውስጥ ይጥላል፤ የሚያወጡት እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ናቸው። ከመነኮሱ ወዲህ ሥጋ የሚባል ነገር ስለማይቀምሱ፣ አያዳሉም ተብለው ነው የተመረጡት።

የመኳንንት ምልክት አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች። ሰባት በዓል ቅል ውስጥ ገባች፤ ሰባቱንም በዓል ሳትወጣ ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ከእርሻ ሲመለስ በጣቱ ቆጠረ፦ ስምንት ሰው፣ ስምንት በዓል! ፊቱ በራ። ለገና ሳምንት ሲቀረው፣ «አባቴ፣ ለበዓሉ ይምጡልኝ፤ ሻኛው አለ» ብሎ ለባላምባራስ ላከባቸው።

«ምን አልክ?» አለች የሺመቤት፤ የያዘችው ሰፌድ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «ያልወጣ ዕጣ ይዘህ አባቴን ጠራህ?»

«ስምንተኛው እኮ ነው! ዕቁብ አታውቂም እንዴ? መጨረሻ የቀረ ሰው ይደርሰዋል እንጂ ይቀርበታል?»

«ወይ ጉዴ! ዘንድሮ መጥተው ሻኛ ካጡ፣ እስከ ሞታቸው አይመለሱም።»

«ግዴለሽም፣ አትስጊ።»

በገና ጠዋት በሬው ታረደ፤ መደቡም ተደለደለ። ጉበት ሲያይ ምራቁን የሚውጠው ጎረቤቱ ዘርጋው ሸማኔው፣ መኳንንትን በጋቢው ጫፍ ጎተት አደረገው።

«ባላምባራስ እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። የጉበት ድርሻህን ስጠኝና ባቄላዬ ያንተ ትሁን። ያኔ ሁለት ምልክት ይኖርሃል። ከስምንት አንድ ይሻላል፣ ከስምንት ሁለት?»

መኳንንት ከት ብሎ ሳቀ። የዘርጋው ምልክት ያቺ ባቄላ ናት፤ ባለፈው መስቀል ወጥታ ሻኛውን ያስበላችው እሷው ናት።

«ያንተ ባቄላማ ጠግባ ተኝታለች! ምን ልታደርግልኝ ነው? ጉበቴንስ በከንቱ ለምን እሰጣለሁ?»

«አንተ ሰው፣ ይኼ ዕቁብ አይደለም። በዕቁብ አንዴ የወጣለት ሰው ምልክቱ ተመልሶ አይገባም። እዚህ ግን ስምንቱም እንደ አዲስ ነው የሚገቡት። ቁልፍህ ሰባቴ መቅረቷን ቅሉ በምን ያውቃል?»

«ቅሉ ባያውቅ እግዜር ያውቃል።»

«እንግዲህ ነግሬሃለሁ» አለና ዘርጋው ባቄላዋን ቅሉ ውስጥ ጣላት።

እማሆይ ፊታቸውን አዙረው ቅሉን ናጡት። መኳንንት ቢላዋውን ሳይቀር ስሎ መጥቷል፤ ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ከፊታቸው ቆመ። እማሆይ አንዷን ምልክት አወጡና መዳፋቸውን ገለጡ።

ባቄላ!

ሰዉ አውካካ። መኳንንት ወደ መንገዱ ዞሮ አየ፤ ባላምባራስ ይኼኔ ወንዙን ተሻግረዋል።

«እማሆይ፣ ይድገሙት እስቲ! ተሳስተው ይሆናል።»

«ምኑን እሳሳታለሁ ልጄ? ባቄላ ይውጣ ቁልፍ፣ እኔ እንደሁ የምበላው ሽሮዬን ነው።»

መኳንንት ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ዘርጋው ሄደ። «ወንድሜ፣ በል ጉበቴን ውሰድና ሻኛውን ስጠኝ።»

«ጉበትማ ቅድም ቀረ። ቅድም የምሰጥህ ያልወጣ ዕጣ ነበር፤ አሁን ሻኛ ነው። መደብህን በሙሉ ካልሆነ አይሆንም።»

«በሙሉ?»

«ጨጓራው ሳይቀር።»

መኳንንት ቀና ሲል የአማቱ በቅሎ ከዳገቱ ብቅ ብላለች፤ ባላምባራስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠውባታል። «ውሰድ! ውሰደው!» አለ።

እንደ ቃላቸውም በገዛ እጁ ቆርጦ አጎረሳቸው። ባላምባራስ ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፤ «ተመስገን» አሉና የልጅ ልጃቸውን ስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። የሺመቤት ዘንድሮም አለቀሰች፤ የዘንድሮው ግን የደስታ ነው። ባላምባራስ ጠግበው ዙሪያውን ሲያማትሩ ግን ከጎመን በቀር ምንም አላዩም።

«ጥብሱስ? ቅቅሉስ? በሬ አርዳችሁ ሻኛ ብቻ ነው እንዴ ያለው?»

የሺመቤት ሳቋን መያዝ አቅቷት ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ሰባቱን በዓል፣ ቁልፏን፣ ባቄላዋን። ባላምባራስ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ሞኝ ነህ!» አሉት። «ግን ለእኔ ብለህ ነው የሞኘኸው። ከእንግዲህ አጥንትም ብታቀርብልኝ እመጣለሁ።»

መኳንንት ይኼን ሲሰማ ልቡ ሞቀ፤ ወዲያውም ያ የፊቱ ወዙ ተመለሰና፣ ቤቱን ሊባርኩ ተጠርተው ጥግ ላይ ሽሯቸውን ወደሚበሉት እማሆይ ዞረ። «ግዴለም አባቴ፣ ፋሲካን ይምጡ! ዘጠነኛው እኮ ነው፤ መቼም ዘጠነኛው የኔ ሳይሆን አይቀርም፣ አይደል እማሆይ?»

እማሆይ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ እስከዚያው ጎመንህን ብላ፤ የቅርጫ ዕጣ ወረፋ አያውቅም» አሉት።