ማውጫና መውጫ

ልጅ ሲታመም ፊደል ከእናት ዓይን ለምን ይሰወራል? አንዲት ወጣት እናት ይህን ዛሬም ትጠይቃለች፤ መልሱን ግን አላገኘችም።

ደጌ ትባላለች። ፊደል የቆጠረችው ጥቂት ነው፤ ጣቷን እያስቀደመች ታነባለች። አንድ ቀን ልጇን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ውሎ ዓይኑ ጎደጎደ። ከጤና ኬላ ለተቅማጥ የተሰጣት ዱቄት በእጇ ነው፤ በምን ያህል ውሃ እንደሚበጠበጥ ግን ጠፋት።

ጎረቤቷ ጋሽ ልሳኑ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ለእናቶች ብለው ያዘጋጁት መጽሐፍ በስልኳ ላይ አለ። ከፈተችው። ከአናቱ ላይ አንድ ቃል ብቻውን ተቀምጧል። «መውጫ» ብላ አነበበችና ጣቷን ሰበሰበች፤ ከነካችው ከመጽሐፉ የሚያስወጣት መሰላት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ትገልጥ ጀመር። ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጥርስ። ልጁ ማልቀሱን ተወ። አዝላው ወደ ጋሽ ልሳኑ ሮጠች።

«ጋሽዬ፣ መጽሐፍዎ አላልቅ አለኝ፤ ልጄ ደከመብኝ።»

«ማውጫውን አልነካሽም እንዴ?»

«ያስወጣኛል ብዬ ፈራሁ።»

ጋሽ ልሳኑ ነገሩ ገባቸው። «መ አይደለም ልጄ፣ ማ ነው። ከመጽሐፉ ሆድ የፈለግሽውን አውጥቶ ስለሚሰጥሽ ነው ማውጫ የተባለው። በይ ንኪው።»

ነካችው። አርእስቶቹ ተደረደሩ። «ተቅማጥ» የሚለውን ስትነካ ገጹ ራሱ መጣላት፤ የውሃው ልክ ከነሥዕሉ አለ። በጥብጠው በማንኪያ በማንኪያ አጠጡት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጁ የእናቱን ፀጉር ይዞ መጎተት ጀመረ።

«ተመስገን» አለች ደጌ፣ እያለቀሰች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ፣ ልጄን ከሞት አወጡልኝ።»

«እኔማ በአንዲት ፊደል እግር አሰናከልኩሽ። ደግሞ መውጫስ ቢሆን የት ትሄጃለሽ? ያው እኔ ቤት ነው የመጣሽው።»

ሁለቱም ሳቁ።

ወዳጆቼ፣ የምንፈራው በር ሁሉ አያስወጣም፤ የሚያስገባም አለ። ሳያፍሩ መጠየቅ ነው። መንገድ ለሚጠርግልን ሰውም ምስጋና ይገባዋል፤ ጠራጊውም ቢሆን የመንገደኛውን ዓይን ያስብ።

ጋሽ ልሳኑ ያን ቃል ሊለውጡት ይፈልጋሉ። ምን እንደሚተካው ግን እሳቸውም ደጌም አላወቁም። ፊደል ለሚያስቸግራት፣ ልጅ ለታመመባት እናት፣ እናንተ ብትሆኑ በቦታው ምን ትጽፉላት ነበር? እባካችሁ ምከሯቸው።