የሰሊጥ ነጋዴዋ እራት በቡሳን

አንዲት የሑመራ ሰሊጥ ነጋዴ ገበያ ፍለጋ እስከ ኮሪያ ሄደች። ገዢው ሚስተር ናም የሚባል ኩራተኛ ባለጠጋ ነበር፤ ቡሳን ከተማ ውስጥ እራት ጋበዛት። በሳህን የቀረበው ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ነው። ተቆራርጦም እንኳ እግሮቹ ይንፈራገጣሉ።

ሚስተር ናም በሠራተኞቹ ፊት ሊያሳፍራት ፈለገ።

«እናንተ አገር ሥጋ በጥሬው ይበላል አሉ» አላት በአስተርጓሚ። «ታዲያ ከአውሬ ጋር ነው ውል የምፈርመው?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ አንዱን እግር ስታነሳው ጣቷ ላይ ተጠመጠመ።

«ልክ ሰምተዋል ጌታዬ፣ በጥሬው እንበላለን። በሬውን የምንበላው ግን መሞቱን ካወቀ በኋላ ነው። ይሄ ምስኪን ገና አልተነገረውም!» አለችና ጎረሰችው።

ውሉ እዚያው ማዕድ ላይ ተፈረመ።