ውሃ የጠየቁት ሥራ አስኪያጅ

በአንድ መሥሪያ ቤት ምላሷ ስለት የሆነ ፕሮግራመር ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትእዛዝ ሲጻፍለት፣ የተጠየቀው የዕለቱ ቀን ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ የደመወዙንም የህትመቱንም የመጋዘኑንም ንዑስ ትእዛዝ ሁሉ ቀስቅሶ ካልጫነ መልስ አይሰጥም ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲያዛጋ ይውል ነበር። እሷም አላስችል ብሏት የተጠራው ትእዛዝ ብቻ እንዲጫን አድርጋ እንደገና ጻፈችው። ፕሮግራሙም ወዲያው ወዲያው መመለስ ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርጋው ግን ይህን ሲሰሙ ቱግ አሉ። ለካ ፕሮግራሙን በወጣትነታቸው የጻፉት እሳቸው ኖረዋል።

«ትእዛዞቼን የት አደረስሻቸው?» አሏት ቢሯቸው አስጠርተው። «በእኔ ጊዜ ሁሉም ተሰልፈው ነበር የሚጠብቁት! አንዱ ሲጠራ ሌላው ይተኛል እንዴ? ዛሬውኑ ሁሉንም ካልመለስሽ ሥራሽን ልቀቂ!»

ከንዴታቸው ብዛት ስቅታ ያዛቸው። «ው... ህቅ... ውሃ አስመጪልኝ!»

እሷም «እሺ» ብላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ጥበቃው፣ ሾፌሩ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ አትክልተኛውም ከነመቀሱ እየተጋፉ ገቡ። ውሃ የያዘችው አስተናጋጅ መግቢያ አጥታ በር ላይ ቀረች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው? ህቅ! እኔ የጠየቅሁት ውሃ!»

«ትንሽ ይታገሱ፣ ጌታዬ» አለች ፕሮግራመሯ ከሰዎቹ ኋላ ብቅ ብላ። «ውሃው በር ላይ ደርሷል። የጽዳት ሠራተኞቹና የሕግ አማካሪው ገብተው ሲያበቁ ይመጣልዎታል። ወይስ የተጠራችውን ብቻ ላስገባት? እንደዚያ ካሉ ግን ፕሮግራሙም እንዳስተካከልሁት ይቆያል፣ እኔም ሥራዬን አልለቅም።»