ሃያ አምስት ደቂቃ የቀራት ክርስትና እናት

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ የማያምን ሄዶ ሰማዩን ይጠይቅ።

አስካለ የምትባል ሴት ዋርካ ሜዳ ትኖር ነበር። አልወለደችም። ጉም አምባ ያለችው አብሮ አደጓ ትርንጎ «ሴት ልጄን ክርስትና አንሺልኝ» ብትላት በደስታ ሦስት ቀን አለቀሰች። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ያን ዕለት ነው። የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው በስድስት ሰዓት ይገባል፤ ከዚያ በፊት ካልደረሰች ልጅቷን ሌላ ሴት ታነሣታለች። በመኪና ገደል ለገደል አሥራ አራት ሰዓት ነው። በአውሮፕላንስ? ሃያ አምስት ደቂቃ! እኔ እስከ ዛሬ ሳስበው እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

«ተነሣ እንጂ!» አለችው ዋርካ ሜዳ የቆመውን አውሮፕላን።

«የጉም አምባው ዘበኛ ካሴ መንደርደሪያው ነጻ ነው ካላለኝ የት አርፋለሁ?» አላት አውሮፕላኑ።

ለካሴ ደወለች። «ጋሼ ካሴ፣ ነጻ ነው በሉልኝ!»

«እንዴት ብዬ፣ ልጄ? ቦራ የሚሉት በሬ ገመዱን በጥሶ መጥቶ መሀሉ ላይ ተኝቷል። ጎተትኩት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት።»

ቦራ አይነሣም፣ ካሴ አይናገርም፣ አውሮፕላኑ አይበርም፣ አስካለ አትደርስም።

ካሴ ወደ ቦራ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ምን ሆነሃል?»

«ሰባት ዓመት አብሬው የተጠመድኩት ዳለቻ በረት ታስሮ ቀርቷል። ያለ እሱ መራመድ አላውቅበትም» አለ ቦራ።

ዳለቻ አይፈታም፣ ቦራ አይነሣም፣ ካሴ አይናገርም፣ አውሮፕላኑ አይበርም፣ አስካለ አትደርስም።

የበሬዎቹ ጌታ የሕፃኗ አባት ደሳለው ነው። አስካለ ደወለችለት። «አንተ ደሳለው፣ ሮጠህ ዳለቻን ፍታው!»

«ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ እቴ አስካለ። መምሬ ላቀው ከቅጽሩ እንዳልወጣ ገዝተውኛል።»

መምሬ ስልኩን ተቀበሉት። «ባለፈው ሳምንት አንዱ የሕፃን አባት ‹መጣሁ› ብሎ ወጥቶ ጠላ ቤት ነው ያገኘነው! ክርስትና እናቲቱ ካልመጣች ይኼ አይወጣም።»

ጉድ በሉ! አስካለ ካልመጣች መምሬ አይፈቱም፣ መምሬ ካልፈቱ ደሳለው አይወጣም፣ ደሳለው ካልወጣ ዳለቻ አይፈታም፣ ዳለቻ ካልተፈታ ቦራ አይነሣም፣ ቦራ ካልተነሣ ካሴ አይናገርም፣ ካሴ ካልተናገረ አውሮፕላኑ አይበርም፣ አውሮፕላኑ ካልበረረ አስካለ አትመጣም።

አምስት ሰዓት ሆነ። «ተዉት በቃ፣ ሌላ ሴት ታንሣት» አለች አስካለ።

ይኼኔ ሕፃኗ ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! ትርንጎ እሹሩሩ አለቻት፣ ዲያቆኑ አጨበጨበላት፣ እምቢ አለች። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህቺን ማን ይገዝታታል? ክርስትና እናቷን ነው የምትጣራው። ሂድ፣ ልጄ፣ ፈትቼሃለሁ።»

መምሬ ፈቱ፣ ደሳለው ሮጠ፣ ዳለቻ ወጥቶ እምቧ አለ፣ ቦራ ብድግ አለ፣ ካሴ በሬዲዮ «ነጻ ነው!» አለ፣ አውሮፕላኑ በረረ።

አስካለ በመስኮት ቁልቁል አየች። አያቷ በበቅሎ ስድስት ቀን የፈጀባቸው ገደል እንደ ነጠላ እጥፋት ከክንፉ ሥር ተዘርግቷል። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል፣ አያልቅም። እሷ ግን «አቤት አምላኬ!» ብላ ሳትጨርስ አለፈችው።

የቅዳሴው ደወል ሊደወል ሲል አስካለ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጣ ገባች። መምሬ ሕፃኗን ከውኃው አውጥተው ሰጧት፤ አስካለ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

«መጣሁልሽ፣ ልጄ» አለቻት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጄ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።