ዝም ስትለው የሚከፈተው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው መተየብ ነው። ይርዳው፣ «የሞተውን ወንድሜን ልርሳው ወይስ ይዤው ልኑር?» ላልከኝ መልሴ የዚህ ሰውዬ ነገር ነውና ሳታቋርጠኝ ስማ።

ሰውየው ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው። ባለጉዳይ በእጁ የጫጫረውን ይዞ ይመጣል፣ እሱ አቤቱታ አድርጎ ይተይብና አትሞ ይሰጠዋል። ሥራውን ግን ብቻውን አልጀመረውም። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ይመታል። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ እሱም ጣቱን ያሳርፋል። ባለጉዳዩ ባላጋራውን ተሳድቦ ጽፎ ከመጣ፣ እሷ እያነበበች ስድቡን ትዘለዋለች፤ እሱ ምን እንደዘለለች ሳያውቅ አቤቱታው ጨዋ ሆኖ ይወጣል።

እጁ እንዳይደክም ብላ ኮምፒውተሩንም አስተምራው ነበር። «ክፍ» ብሎ ሁለት ፊደል ሲመታ ማሽኑ ራሱ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ብሎ ይጨርስለታል። «በት» ሲል «በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። እንዲህ ዓይነት ስንት ነገር አስገብታበታለች።

ከዚያ ታመመች፤ ሞተች። ለቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ሄደ። ሰውየው የቆርቆሮዋን ክፍል ከፍቶ ተቀመጠ። አሁን ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይመታል። አንድ መስመር አንብቦ ቀና ካለ የደረሰበት ይጠፋዋል፤ ወረቀቱ ላይ በጣቱ እየዳበሰ ይፈልገዋል። ስድቡንም ራሱ ነው የሚያነበው። ያም ሆኖ «ክፍ» ሲል ማሽኑ «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ይለዋል፤ ያን ጊዜ ከጎኑ ሰው ያለ ይመስለዋል። ሥራ በሌለበት ሰዓት እንኳ ባዶ ገጽ ከፍቶ «ክፍ» ይላል። ይመልስለታል። ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይላል።

አንዲት ልጅ ነበረችው፤ አርባ ምንጭ ነርስ ናት። የሱ ስልክ ደውሎ ከማውራት በቀር ሌላ የማይችል ስለሆነ በመልክ አይተያዩም። በኮምፒውተሩ እንዳይተያዩ ደግሞ ዊንዶው፣ ማለት ማሽኑ ሲበራ የሚነሳውና ሁሉን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ አርጅቶ የቪዲዮ ጥሪ አልቀበል አለ። ልጅቱ እዚያው አባቷ ሠፈር ላለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ደውላ አዲስ እንዲጭንለት ነገረችው።

ጠጋኙ አዲሱን ለመጫን አሮጌውን ሊያጠፋ መሆኑን ሲሰማ ሰውየው ኮምፒውተሩን በሁለት እጁ ያዘ። እዚያ ያለውን እንዳይነካበት ለመነው። ፋይልዎን ልገልብጥልዎ፣ አጫጭር ቃሎቹንም መልሼ ላስገባልዎ ቢለው በጄ አላለም። እሷ ያላስገባችው ምን ያደርግልኛል አለ። ጠጋኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ጫነለት።

«ጋሼ፣ ይኸው ሁለት ቤት አለዎት» አለው። «አብረው ግን አይነሱም። አንዱ ሲሠራ ሌላው እንደሌለ ነው። ማሽኑን ሲያበሩት የትኛውን ልክፈት ብሎ ይጠይቅዎታል። ጠብቆ ጠብቆ መልስ ካጣ ራሱ አንዱን ይከፍታል። ዝም ሲሉት የትኛው ይከፈት?»

«አሮጌው።»

«ሁለት ሚስት ያለው ሰው እንኳ አዲሷ ጋ ነው የሚያድረው፣ ጋሼ።»

ሰውየው አልሳቀም። ጠጋኙ ምን እንደተናገረ የገባው ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው፤ ያለውን አደረገለትና ዕቃውን ሰብስቦ ቶሎ ወጣ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰውየው እሁድ እሁድ አዲሱን እየመረጠ ከልጁ ጋር ይተያይ ነበር። እየቆየ እሁዱም ቀረ። ሥራ በዛብኝ ይላታል። ሥራ አልበዛም። ማሽኑ ሲጠይቀው እጁ ወደ አዲሱ አልሄድ እያለው ነው። አዲሱ ውስጥ «ክፍ» ቢል «ክፍ» ብቻ ነው የሚጻፈው፤ የሚጨርስለት የለም።

አንድ ቀን ልጅቱ በስልክ ደወለች። ሊያገባት የሚፈልግ ሰው እንዳለ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱን ይዞ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ እንደሚመጣ፣ አባቷንም በቪዲዮ ሰላም ሊሉ እንደሚፈልጉ ነገረችው። ከእሷ ወገን የሚታይ ሰው እሱ ብቻ ነው። እንዳትቀርብኝ አለችው። እንዴት ብዬ እቀራለሁ አላት፤ ከልቡ ነበር።

ቅዳሜ ጢሙን ተላጨ፣ ልብሱን ለወጠ፤ ስልኩን የሥራ ኮቱ ኪስ ውስጥ ረስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። ማሽኑን አበራ፣ አዲሱን መርጦ ተቀመጠ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ደጅ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር መብራቱን ሲያማ ቆየ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ተነሳ፤ ጠየቀ፤ የሚመልስለት ሰው ሲያጣ አሮጌውን ከፈተ። ሰውየው ሲገባ ሚስቱ የመረጠችው ቢጫ አበባ ስክሪኑ ላይ አለ። አጥፍቶ እንደገና ማብራት እንዳለበት ያውቃል። ገና ጊዜ አለ ብሎ አሰበ። አንድ ያላለቀ አቤቱታ ነበረው፤ እስከዚያ ጥቂት መስመር ልምታ አለ። «ክፍ» አለ። መለሰለት።

በሌላኛው በኩል ጥሪው ይጠራ ነበር። አሮጌው ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን አይሰማም።

ቀና ሲል ፀሐይዋ ከፍርድ ቤቱ ጣራ ኋላ ወርዳለች። ማሽኑን አጥፍቶ አዲሱን ከፈተ፤ ስክሪኑ ያልተመለሱ ጥሪዎቿን ደረደረለት። መልሶ ጠራት፣ የለችም። ቤቱ ሲደርስ ስልኩ ኮቱ ውስጥ ይጮኻል።

ልጅቱ አልተቆጣችም። እንግዶቹ ሄዱ አለችው። የሚያገባት ሰውዬ እናት፣ አባትሽ ምናልባት አሞት ይሆናል እያለች ለእሷ ሰበብ ስትፈልግላት እንደዋለች ነገረችው።

«አባዬ» አለችው በመጨረሻ፤ «እኔ የቀበርኩት እማዬን ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰውየው ኮቱን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። ያን ቃል የሚዘልለት ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠጋኙን አስጠራው። ጠጋኙ የሆነውን ሰምቶ ስለነበር አሮጌውን ላጥፋልዎ ወይ አለው።

«አትንካው» አለ ሰውየው። «ዝም ስለው የሚከፈተውን ብቻ ቀይርልኝ። አዲሱ ይሁን።»

«በቃ ይኸው ነው?»

«አሮጌውን ስፈልገው መርጬ እገባለሁ። ሳልመርጥ ግን አልግባ።»

ቀለለው አልልህም። በማግስቱ ማሽኑ ሲጠይቀው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። አዲሱ ተከፈተ፤ የሚያውቀው ነገር የሌለበት ሰማያዊ ስክሪን ነው። «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» የሚለውን ፊደል በፊደል ራሱ ጻፈው። ክፍሉ ጭር ብሏል፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ወንበር ብቻ ነው። ከሰዓት ልጁን ጠራት። አላነሳችም። ደግሞ ጠራት። ሦስተኛው ላይ ፊቷ መጣ፤ በሥራ ልብሷ፣ እንደተኮሳተረች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየችው።

«ከስተሃል» አለችው።

እንግዲህ ይርዳው፣ ያንተም ነገር ይኸው ነው። ወንድምህን ከልብህ አጥፋው የሚልህ ካለ አትስማው፤ እሱን ካጠፋህ የሚተርፈው ግማሽ አንተ ነው። እሱ ያለበት ቤት ውስጥህ ይኑር። ሲናፍቅህ ግባ፣ አልቅስ፣ ቀልዱ ትዝ ካለህም ሳቅ፤ መሳቅህ ክህደት አይደለም። ግን ሰው ሁለት ቤት ባንዴ አይቀመጥም። እዚያ ሳለህ እዚህ የሚጠራህ አይሰማህም። እኔን ያስፈራኝ ማዘንህ አይደለም፤ ጠዋት ስትነቃ ሳትመርጠው በዚያ በኩል መከፈትህ ነው። ትናንት እናትህ ደጅ ላይ ስምህን ስትጠራ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ሰማኋት። አንተ አጠገቧ ቆመህ አልሰማሃትም። እሷም ልጅ ነው የሞተባት፤ ስትጠራው የሚመልስላት የቀራት አንድ ልጅ ነው። ሂድና አቤት በላት።