አባወራ ነኝ ያለው እንግዳ

ጠጋ በሉ፣ ተረት ላውራችሁ። ብትስቁም ሳቁ፤ እኔ ግን ይህን የማወራው ለሳቅ አይደለም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዕቃም ነፍሳትም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ የባህል ማእከል ውስጥ ጎተራ የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ነበር። የማእከሉ ሰዎች ፋይላቸውን ሁሉ እሱ ዘንድ ያኖራሉ፤ ትንንሾቹ ኮምፒውተሮች በገመድ እየመጡ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ። ከሁሉ የከበደው የወይዘሮ ውባለም አደራ ነበር፦ አሥራ አንድ ዓመት በየገጠሩ ዞረው የቀዱት የአልቃሽ እናቶች ድምፅ። እናቶቹ ሞተዋል። ድምፃቸው ግን ጎተራ ሆድ ውስጥ ነበረ፤ ሌላ ቅጂም አልነበረውም።

ጎተራ ደግ ነበር፤ ደግነቱ ግን ሞኝነት አለበት። ለየሰዉ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በቁጥሩ የራሱን ፋይል ብቻ ያገኛል። ጎተራም በር ያንኳኳውን «ቁጥርህ ስንት ነው?» ይላል። የነገሩትን ያምናል። በቃ።

አንድ ቀን እንግዳ ላፕቶፕ መጣ።

«ማነው?»

«ቁጥር አርባ ነኝ።»

«የጸሐፊው ቁጥር! ግባ፣ ግባ።»

ገባ፤ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አንብቦ ወጣ።

ከጎተራ ጀርባ ድር ያደራች ሸረሪት ነበረች። «አያ ጎተራ፣ ጸሐፊው እኮ ዛሬ አልመጣም» አለችው።

«ቁጥሩን ተናገረ እኮ!»

«ቁጥሩንማ ማንም ይጠራዋል።»

«አንቺ ደግሞ ማንንም አታምኚም» ብሎ ሳቀባት።

በማግስቱ ላፕቶፑ ተመልሶ መጣ።

«ማነው?»

«ቁጥር ሃምሳ ነኝ።»

«የሹፌሩ ቁጥር! ግባ፣ ግባ።»

ገባና ከየቦታው የሰበሰባቸውን ፊልሞች ጎተራ ሆድ ውስጥ ከመረ።

«ትናንት አርባ፣ ዛሬ ሃምሳ! ምነው አያ ጎተራ?» አለች ሸረሪት።

«ዝም በይ፣ እንግዳ አታስቀይሚብኝ።»

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑ ለፊልሞቹ ቦታ ጠበበው። የእናቶቹን ድምፅ አጥፍቶ ቦታ እንዳያስለቅቅ የወይዘሮ ውባለምን ቁጥር አያውቅም። አሰበ፣ አሰበና አንኳኳ።

«ማነው?»

«አባወራ ነኝ።»

በየኮምፒውተሩ ውስጥ ሁሉን የሚያዝ፣ ማንም «ለምን?» የማይለው አንድ አባወራ አለ። ጎተራ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ።

«ቆይ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቀው!» ብላ ጮኸች ሸረሪት።

«አባወራ ደጅ ላይ ይቆማል እንዴ? ነውር ነው!»

ላፕቶፑ ገባ። የእናቶቹን ድምፅ አንድ በአንድ አጠፋ፤ ፊልሞቹን ዘርግቶ ወጣ።

ወይዘሮ ውባለም መጡ። «ጎተራዬ፣ እስቲ የእማማ አንጓችን ለቅሶ አሰማኝ።»

ጎተራ ሆዱን ቢፈትሽ ፊልም ብቻ አገኘ።

«የሌሎቹንስ?»

«እነሱም የሉም።» ወይዘሮ ውባለም ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ብዙ ሰዓት አልተነሡም።

ላፕቶፑ በአራተኛው ቀን ሲያንኳኳ ጎተራ «ዋሸኸኝ!» ብሎ አለቀሰ።

«በአርባውና በሃምሳው ዋሽቻለሁ። አባወራ ነኝ ስልህ ግን እውነቴን ነው፤ በቤቴ አባወራ ነኝ። የማን ቤት አባወራ እንደሆንኩ መቼ ጠየቅኸኝ?»

ከዚያ ወዲህ ለጎተራ በር ቁልፍ ተበጀለት፤ የውጭ አባወራም ቢመጣ ከእንግዶች ሁሉ በታች እንዲቀመጥ ተደነገገ። ደግ ነገር ነው። ወይዘሮ ውባለም ግን እነዚያን እናቶች ሁለት ጊዜ ቀበሩ።

ለተረቴ ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ የሰው አደራ የተቀበለ፣ ስም ሰምቶ በር አይክፈት።