ያልበሰለ ኖራ

«አንድ ግንበኛ ነበረ» አሉ የኔታ ልሳነወርቅ፣ የሕንፃ ሥራ የምትማረው ትብለጥ «የድሮው ግንብ ቆሞ ሳለ አዲሱ ፎቅ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው።

ይህ ግንበኛ ድንጋዩን የሚያያይዝበትን ኖራ በውሃ አብርዶ፣ እስኪበስል ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ሳያቆየው ድንጋይ አያነሣም ነበር። ሥራውን ከአባቱ የተማረው እንዲሁ ነው። የአገሩ ሰው የሚገበያየው በአሞሌ ጨው ነበር። ገዥው ለወታደሮቹ የሚከፍለው ሲያጥረው እያንዳንዱን አሞሌ ለሁለት አስቆረጠና «ግማሹ እንደ ሙሉ ይቆጠር» ብሎ አዋጅ አስነገረ። በዓመቱ ደግሞ ደገመው። ገበያተኛው ግን ሞኝ አልነበረም፤ አሞሌው በተቆረጠ ቁጥር በሬውም እህሉም በእጥፍ ተወደደ።

ያን ጊዜ አንድ ባለጸጋ ግንበኛው ዘንድ መጣ።

«ባለ ፎቅ ቤት ሥራልኝ፤ ክረምት ሳይገባ ይድረስልኝ።»

«ኖራው አልበሰለም ጌታዬ፤ ለከርሞ ይሁን።»

«ለከርሞማ አሞሌዬ የጠጠር መግዣም አይሆን!»

«ማን ሊኖርበት ነው እንዲህ የሚያስቸኩልዎ?»

«ማንም። እኔ የቸገረኝ ሀብቴን የማኖርበት ነው እንጂ የምተኛበት አይደለም።»

ግንበኛው አሰበ። የእሱም ደመወዝ ውሎ ባደረ ቁጥር ይቀልላል። ያልበሰለውን ኖራ ከጉድጓዱ አውጥቶ ገነባበት። በሐምሌ ዝናብ ግንቡ ተናደ፤ ከሥሩ ተጠልላ የነበረች አንዲት ሸክላ ሠሪ እግሯ ተሰበረ።

ገዥው ችሎት ተቀምጦ «አባትህ የሠራው ቆሟል፤ ያንተ ለምን ወደቀ?» ሲል ጠየቀው።

ግንበኛው ከከረጢቱ አንድ ሙሉ አሞሌና አንድ ቁራጭ አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«አባቴ በዚህ ሠራ፤ እኔ በዚህ ሠራሁ» አለ።

ገዥው ሁለቱን አንሥቶ በእጁ መዘናቸው። በመጨረሻም «ጨውን ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ኖራውን ያወጣኸው ግን አንተ ነህ። ሴትዮዋን ሁለታችንም እንክሳለን» ብሎ ፈረደ። አሞሌውንም ወደ ቀድሞ ልኩ መለሰው።

የኔታ ወደ ትብለጥ ዞሩ።

«ልጄ፣ ብርም እንደዚሁ ነው። ነገ እንደሚቀልልበት ያወቀ ሰው ዛሬውኑ ሲሚንቶ ውስጥ ሊቀብረው ይሮጣል፤ ሲሚንቶ ደግሞ ለሚሮጥ ሰው ብሎ ቶሎ አይጠነክርም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ስታዪ ግንበኛውን ጠይቂው። ግን እሱ ዘንድ አታቁሚ፤ ብሩን ማን እንዳቀለለውም ጠይቂ።»